መክተፊያው የጠበበ ዕለት

ባለፈው ሳምንት፣ ቤቴል በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ከኮምፒውተር ክፍሉ የሚወገደውን አሮጌ ዕቃ እንድለይ ታዝዤ፣ ነጭ የነበረው ቀለሙ ከዕድሜ ብዛት ወደ ሻይ ቀለም ከዞረ አንድ ኮምፒውተር ጋር ስታገል አረፈድኩ። ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ ሶኬቱን ስሰካው ማራገቢያው ሁለት ሦስቴ አጉረመረመና ተነሣ፤ ከኋላው በኩልም የጋለ አቧራ ሽታ ፊቴ ላይ ተነፈሰብኝ። የዘንድሮ ልጆች ይህን ሽታ አያውቁትም፤ የሞቀ ፕላስቲክም፣ የተቃጠለ ፀጉርም፣ ከርሞ የተራገፈ ምንጣፍም ይሸታል። እኔ ግን ካሸተትኩት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ቢሆንም በአንድ ትንፋሽ ለየሁትና፣ ሳላስበው እጄ ሄዶ ሶኬቱን ነቀለው። አጠገቤ ደብተር ታርም የነበረችው የሒሳብ መምህርት ደንግጣ "ያዘሽ እንዴ?" አለችኝ፣ ኤሌክትሪኩን ማለቷ ነው። "አይ፣ ደህና ነኝ" አልኳት።

ክዳኑን ፈትቼ ጊዜያዊ ማስታወሻውን፣ ራሟን አወጣኋት። ከጣቴ ብዙም የማትረዝም አረንጓዴ ዝርግ ነገር ናት። በየዓመቱ የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ሳስተምር፣ ራም መክተፊያ ነው፣ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ፍሪጅ ነው እላቸዋለሁ፤ ፊልሙ የሚቀመጠው ፍሪጁ ውስጥ ነው፣ ስታዩት ግን በቁራጭ በቁራጭ እየወጣ መክተፊያው ላይ ይዘረጋል፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ መክተፊያው ይጠረጋል፣ ፍሪጅ የገባው ይቆያል እላቸዋለሁ። በየዓመቱም "ቲቸር፣ መብራት ሲጠፋ እኮ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም ይበላሻል" የሚል አንድ ነገረኛ አይጠፋም፤ ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ምሳሌው የእናቴ ነው። የተናገረችበትን ቀን ግን ለልጆቹ ነግሬያቸው አላውቅም።

ያደግነው ኮልፌ፣ አጠና ተራ ጀርባ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ እማዬ የመንገድ ዳሩን ክፍል ክትፎ ቤት አደረገችውና፣ እኛ ከኋላ ባለው ጓዳ ከፍሪጁ፣ ከመክተፊያውና ከቢላዎቹ ጋር ተጋፍተን መኖር ጀመርን። ኮምፒውተሩም የገባው እዚያው ነው። ወንድሜ ፍቃዱ ሁለት ክረምት መርካቶ ሲላላክ ከርሞ ያመጣው ያገለገለ ዕቃ ነበር፤ እማዬ ለቴሌቪዥኑ የሠራችውን ዳንቴል ገፍፋ ለእሱ አለበሰችው። ወዲያ ቢላዋው ቀኑን ሙሉ ጠቅ ጠቅ ሲል ይውላል፣ ወዲህ ማራገቢያው ያጉረመርማል፣ ከቁልፎቹም መካከል ቅቤ ያልነካው አልነበረም።

ፍቃዱ ለሰፈሩ ሰው ፊልም ይጭን ነበር፤ እሱ በማይኖርበት ሰዓት ፍላሽ ይዞ የመጣውን ሁሉ የማስተናግደው እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ፍላሹ ሞልቶ እምቢ ሲል ባለቤቱን አስፈቅጄ አንድ የታየ ፊልም አጠፋለሁ፣ አዲሱን እጭናለሁ። "ቆሻሻ መጣያውን ካልደፋሽው ቦታው አይለቅም" ብሎ፣ የጠፋው ፋይል የሚጠራቀምበትን ማለቱ ነው፣ ያስተማረኝም ራሱ ፍቃዱ ነው፤ ስለዚህ በኮምፒውተሩም ላይ ባጠፋሁ ቁጥር መድፋት ልማዴ ሆነ። ሲሞላ ማጥፋት፣ ሲጠፋ መድፋት፤ የኮምፒውተር እውቀቴ በሙሉ ይኸው ነበር፣ እኔ ግን በዚህችው ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ በላይ ነኝ ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ እሄድ ነበር።

ፍቃዱ የሰው ፊልም ሲጭን ልቡ ያለው የራሱ ፊልም ላይ ነበር። ታሪኩን በባለ አምሳ ቅጠል ደብተር ጻፈው። አንድ ሥራ ፈት ወጣት ብርድ ሲጠናበት የአጠና ክምር ሥር እሳት ያነድዳል፣ ክምሩ ይቃጠላል፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይፈርዱበታል፤ ይኸው ነው። ወጣቱን የሠራው ፍቃዱ ራሱ ሲሆን፣ የሽማግሌዎቹን አለቃ የሠሩት የሰፈራችን አጠና ነጋዴ ጋሽ ሳህሌ ነበሩ። ጋሽ ሳህሌ ከልጅነታቸው ጀምሮ ኮልፌ የኖሩ፣ ድምፃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ቀልድም ቁጣም በአንድ ፊት የሚናገሩ ሰው ናቸው። ለቃጠሎው ትዕይንት ከክምራቸው ሦስት የበሰበሰ አጠና መርቀው ሰጡን፤ እሳቱ ሲያያዝ ግን አላስቻላቸውምና በቀረጻው መሀል ባልዲ ውኃ ይዘው ገብተው አጠፉት። ፍቃዱ ለቅሶ ቀረሽ ሆነ፤ እሳቸው ግን "ልጄ፣ እሳት ሲነድ ቆሞ የሚያይ አጠና ነጋዴ ካየህ እሱ ውሸታም ነው" ብለው ባልዲያቸውን ይዘው ሄዱ።

ከመስከረም እስከ ግንቦት በየቅዳሜው ስንቀርጽ፣ የእኔ ሥራ ካሜራው ላይ ጃንጥላ መያዝ ነበር። የፍርዱን ትዕይንት የቀረጽነው በጋሽ ሳህሌ ግቢ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ነው። ጋሽ ሳህሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው "የሰው ክምር ያቃጠለ፣ ክምሩን እስኪተካ ድረስ የሰው በር አይርገጥ" ሲሉ የሰማሁ ይመስለኛል። ይመስለኛል ያልኩበትን ምክንያት ኋላ እደርስበታለሁ።

ካሜራው የሙሌ ነበር። ሙሌ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነው፤ ያሉት ካሴቶች ሦስት ብቻ ናቸው። ቅዳሜ የቀረጽነውን ማታውኑ ወደ ኮምፒውተሩ እንገለብጣለን፣ እሑድ ጠዋት ካሴቱን ይወስድና የሰው ሠርግ ይቀርጽበታል። ስለዚህ ጋሽ ሳህሌ በነበሩበት ካሴት ላይ በሳምንቱ ሙሽሮች ኬክ ይቆርሱበታል። ፊልማችን በዓለም ላይ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ፣ እኛ ጓዳ ውስጥ፣ ከፍሪጁ አጠገብ ነበር።

ፊልሙ ሊታይ የተቆረጠው ለእሑድ ስምንት ሰዓት፣ በቀበሌው አዳራሽ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ተጠርቷል፤ ጋሽ ሳህሌ ወንድማቸውንና የወንድማቸውን ልጆች ከጉራጌ አገር አስመጥተዋል፣ ሙሉ ልብስም አሰፍተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ፍቃዱ የተቆራረጠውን ሁሉ አገጣጥሞ ጨርሶ፣ ኮምፒውተሩ አንድ ፊልም አድርጎ እንዲያወጣው አዘዘውና፣ ሳንሱሲ ያለ ዘመዳችን ጋ ፕሮጀክተር ሊያመጣ ተነሣ። ሲወጣ "ምንም እንዳትነኪ። መስመሩ ሞልቶ እስኪያልቅ ቁጭ ብለሽ ጠብቂልኝ፣ የኔ እህት" አለኝ። የኔ እህት ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሥራው የደረሰበትን የምታሳየው ሰማያዊ መስመር እየተንፏቀቀች ከግማሽ አለፈችና ቆመች፤ ከዚያ አንድ ሳጥን ብቅ አለ። እንግሊዝኛው ረጅም ነው፤ የገባኝ አልበቃኝም የሚለው ብቻ ነው። አልበቃኝም ማለት ሞልቷል ማለት ነው፤ ሲሞላ ምን እንደሚደረግ ደግሞ አውቃለሁ። የሕንድ ፊልሞቹን አጠፋሁ፣ ደፋሁ፣ እንደገና ጀመርኩት። መስመሯ ከዜሮ ተነሥታ ተንፏቀቀች፣ ተንፏቀቀች፣ እዚያው ቦታ ስትደርስ ቆመች። የካራቴ ፊልሞቹን አጠፋሁ፣ ደፋሁ። እዚያው። መዝሙሮቹን አጠፋሁ። እዚያው። እማዬ ከበስተጀርባዬ ለምሳ ሰው ትከትፋለች፤ በየቢላዋው ምት ልቤ አብሮ ይመታል፣ ሰዓቱ አምስት አለፈ፣ ስድስት ሊሆን ነው፣ በዚያ ላይ ቅዳሜ መብራት የሚሄድበት ቀን ነበር። ፍቃዱ መጥቶ መስመሯ እንደቆመች ቢያገኛት ለእኔ አደራ መስጠቱን እንዴት እንደሚቆጨው እያሰብኩ የሚጠፋ ሌላ ነገር ፈለግሁ።

የቀረው አንድ ማኅደር ብቻ ነበር። በውስጡ ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የሆኑ ፋይሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የሦስት ፊልም ያህል ይከብዳሉ። ምን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ከካሴቶቹ የገለበጥናቸው ናቸው። ግን ፊልሙ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሮ ይታየኛል፤ ቃጠሎው አለ፣ ባልዲው አለ፣ ጽዱ አለ። ገብቶ ያለቀ ነገር ጥሬው ምን ያደርጋል አልኩ። አሁን ሳስበው ስህተቱ ይህች ናት፤ የሚታየኝ ፊልም በየቅጽበቱ ከዚያ ማኅደር እየተቆረሰ የሚወጣ መሆኑን፣ አልበቃኝም ያለውም መቁረሻው እንጂ ማስቀመጫው እንዳልሆነ የሚነግረኝ አልነበረም። አጠፋሁት። ደፋሁት።

ጋሽ ሳህሌ ግን ስክሪኑ ላይ ነበሩ። እጃቸውን አንሥተው፣ አፋቸውን ለፍርድ ከፍተው፣ ፊት ለፊቴ። አየሽ፣ ምንም አልሆነም ብዬ ለራሴ ነገርኩና፣ ማሽኑ ደክሞት ይሆናል፣ አጥፍቼ ላብራው አልኩ። ያጠፋሁት እኔው ነኝ፣ በዚህችው ጣቴ። ተመልሶ ሲበራና ፊልሙን ስከፍተው ከዳር እስከ ዳር የተደረደረው ሁሉ ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። ባዶ ቀይ ሳጥን፣ ከባዶ ቀይ ሳጥን ቀጥሎ።

ፍቃዱ ፕሮጀክተሩን ታቅፎ ሲገባ ፊቴን አየና ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ፤ አልመታኝም፣ አልጮኸም። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና አንድ በአንድ ከፈተ፣ አንድ በአንድ ዘጋ። እማዬ ቢላዋዋን እንደያዘች "ምን ሆናችሁ?" አለች። እሱም ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ ለእሷ ሳይሆን ለግድግዳው እንደሚናገር ሰው፣ ኮምፒውተር የሚሠራበት ቦታና የሚያስቀምጥበት ቦታ የተለያየ መሆኑን፣ የጠበበው የሚሠራበት እንደነበረ፣ እኔ ደግሞ ያስቀመጠውን ሁሉ እንደደፋሁት ነገራት። እማዬ መክተፊያዋን አየች፣ ፍሪጁን አየች፣ እኔን አየች። "እንዴ፣ መክተፊያው ጠበበ ተብሎ የፍሪጁ ሥጋ ይደፋል?" አለች። ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠች እናቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተረዳችው ነገር ለእኔ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ፍቃዱ ታሪኩን የጻፈበትን ደብተር ከመሳቢያ አውጥቶ፣ ሁለት ቦታ ቀድዶ፣ ቅቤ ማንጠሪያው ሥር ያለው ከሰል ውስጥ ከተተው።

አመሻሹ ላይ ሙሌ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ካሴቶቹን ቢያያቸው ሙሽሮችና ክርስትናዎች ናቸው። ሰው ተጠርቶ ባዶ መጋረጃ አይታይም፣ ቢያንስ የሰው ፊልም እናሳይ ብሎ ከራሱ ዲስክ ብዙ ፊልም ኮምፒውተራችን ላይ ገለበጠ፤ እስኪጠግብ ገለበጠበት። ለደግ ያደረገው ነው። የሠራው ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ኮሌጅ ገብቼ፣ ፋይል ሲጠፋ የሚሰረዘው አድራሻው ብቻ ነው፣ ራሱ ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል ብሎ መምህራችን ሲያስረዳ ነው። ጋሽ ሳህሌ ያን ቀን ሙሌ ፊልሞቹን እስኪገለብጥባቸው ድረስ ዲስኩ ውስጥ እዚያው ነበሩ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ከክፍል ወጣሁ፤ መምህሩ ያመመኝ መሰለው።

እሑድ ስምንት ሰዓት አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የቆመ አለ። ለጋሽ ሳህሌ የነገራቸው አልነበረም። ቡናማ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ወንድማቸውን ከነልጆቹ አስከትለው ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ፍቃዱ ወርዶ ነገራቸው። ሰምተው ሲጨርሱ "ማን ነካው?" አሉ። ፍቃዱ አፉን ሲከፍት "መብራት ነው" ሊላቸው መሆኑን አወቅሁ፤ ውሸት ሲጀምር ጆሮውን ይነካል። ቀድሜው "እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሳህሌ" አልኩ። እሳቸውም ወልጋዳ አጠና ከክምር ሲመርጡ እንደሚያዩት ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ወደ ፍቃዱ ዞሩ።

"እኛ አልሞትን" አሉት። "ስምንት ወር ቃል ስታስለፈልፈን ከርመህ፣ ዛሬ ኮምፒውተር ደከመ ብለህ ወንድሜን ከአገር ቤት አስመጥተኸኝ ልትመልስብኝ ነው? ግባ፣ እንሠራዋለን።"

ሠሩትም። ፕሮጀክተሩ ባዶ ብርሃኑን በመጋረጃ ፈንታ የተሰቀለ አንሶላ ላይ ለቀቀ፣ ተዋናዮቹም ከአንሶላው ፊት ቆሙ። እኔ ከአንሶላው ጀርባ ተቀምጬ ቃል ለጠፋበት በሹክሹክታ አቀብላለሁ፤ በየቅዳሜው ጃንጥላ ይዤ ስለሰማሁት የሁሉንም አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ፤ የቃጠሎው ትዕይንት ሲደርስ በእሳት ፈንታ አንድ ቀይ ፎጣ ሲውለበለብ አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ፣ የፍቃዱ ድምፅ ተንቀጠቀጠ፣ አሁን ይተወዋል፣ አሁን ጥሎ ይወጣል እያልኩ ጥፍሬን በላሁት። ጋሽ ሳህሌ ግን ባዶ ባልዲ ይዘው ከተመልካቹ መሀል ብድግ አሉና በእውነተኛ ቁጣቸው ጮኹ፤ ሳቁ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

ፍርዱ ደረሰ። ፍቃዱ መሀል ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጋሽ ሳህሌ ከዘራቸውን ተከሉ፤ ዝምታው ሲረዝም ቃል የጠፋቸው መስሎኝ "የሰው ክምር ያቃጠለ" ብዬ አቀበልኳቸው። አልተቀበሉኝም። ፊታቸውን ወደ አንሶላው፣ እኔ ወዳለሁበት መለሱና "ልጁ እሳቱን ያነደደው ሊሞቅ ነው" አሉ። "ክምር ይተካል። ልጁን ውጭ አሳድረን ክምሩን ብንተካ ምን እናተርፋለን? ይግባ፤ ይቀመጥ።" አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ እኔ አንሶላውን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። የተፈረደልኝ እኔ እንደሆንኩ ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ያችን ቃል ስንቅ አድርጌ ነው ከዚያ በኋላ የኖርኩት። ኮምፒውተር ልማር ብዬ ስነሣ፣ ከእንግዲህ አልነካም ብዬ ስሸሽና እንደገና ስመለስ፣ ይግባ ይቀመጥ የሚለው ድምፅ ከኋላዬ ነበር።

ጋሽ ሳህሌ ካረፉ ቆዩ፣ ጽዱም ተቆርጦ ግቢው ፎቅ ሆኗል። በቃጠሎውና በባልዲው መሀል የነበሩትን የፊታቸውን መስመሮች፣ ከአስፋልቱ በፊት የነበረውን ቀይ መንገድ፣ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ የነበረውን የፍቃዱን የተደፋ አንገት ዳግመኛ የሚያሳይ ነገር የለም። ፍቃዱ ዓለም ባንክ ሰፈር የወለል ንጣፍ ይሸጣል፤ ከዚያ ወዲህ ካሜራ አልያዘም፣ የልጆቹን ልደት እንኳ የሚያነሡት ሌሎች ናቸው። ስለዚያ ቅዳሜ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት፣ ያችን ራም በመዳፌ እንደያዝኩ ለፍቃዱ ደወልኩለት። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁ፣ ስለ ጉልበቱ ጠየቅሁ፤ ከዚያ "ፍቄ፣ የፊልማችን ፍርድ ምን ነበር? ደብተሩ ላይ የነበረው" አልኩት።

ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። "ይግባ፣ ይቀመጥ ነዋ" አለኝ።

"እሱማ ጋሽ ሳህሌ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ነው። አንተ የጻፍከው።"

"እኔ ነኛ የጻፍኩት። ክምር ይተካል፣ ልጁን ውጭ አሳድረን፣ ሁሉንም። ለዚያች ቃል ስል አይደል ታሪኩን የጻፍኩት? ለምን ጠየቅሽ?"

"እንዲያው" አልኩት። እንዳይከፋኝ ብሎ እየዋሸ ጆሮውን ነክቶ እንደሆነ አላይ፤ በስልክ ነው።

ስልኩን ዘጋሁ። በጽዱ ሥር የሰማሁት በር አይርገጥ የሚለውን ነበር፣ ወይስ ጥፋቴን የሚመጥን ፍርድ ያስፈለገኝ እኔው ፈጥሬው ነው? ጋሽ ሳህሌ ያን እሑድ ለእኔ ብለው ቃሉን ቀይረው እንደሆነ፣ ወይም ስምንት ወር ያጠኑትን ብቻ ተናግረው እንደሆነ የሚነግረኝ አንድ ፊልም ብቻ ነበር፤ እሱንም የደፋሁት እኔ ነኝ።